የመኪናዬ ሰስፔንሽን የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን ልለየው?

ጥያቄ፦ «ያገለገለ የቤት መኪና ገዝቻለሁ። የኋላ ሾክ አብዞርበሮቹ ዘይት ማፍሰስ ስለጀመሩ ልቀይራቸው ብዬ የመለዋወጫ ካታሎግ ብመለከት፣ ለአንድ ሞዴልና ለአንድ ዓመተ ምርት አራት የተለያዩ ዕቃዎች ተዘርዝረዋል። ሁለቱ ‹ለቶርሽን ቢም›፣ ሁለቱ ‹ለመልቲሊንክ› ይላሉ፤ በእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ‹መደበኛ› እና ‹ስፖርት› የሚባል አለ። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ንገረኝ ይለኛል። በመኪናው ሰነድ ላይ አልተጻፈም። በምን ልለየው?»

መልስ፦

ሻጩ የጠየቀዎት ተገቢውን ጥያቄ ነው። ቶርሽን ቢምና መልቲሊንክ የሰስፔንሽን፣ ማለትም ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የክንድ፣ የሞላና የሾክ አብዞርበር ሥርዓት፣ ዓይነቶች ናቸው። ይህን ሳያጣራ ዕቃ አንሥቶ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ነበር መጠራጠር የሚኖርብዎት። መልሱ ግን ያለው ሰነዱ ላይ ሳይሆን መኪናው ሥር ነው፤ ለማየትም የእጅ ባትሪና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

በመጀመሪያ የእርስዎን ጉዳይ ልጨርስ። ከመኪናው በስተኋላ ጎንበስ ይበሉና በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል በባትሪ ያብሩ። ከአንዱ ጎማ ተነሥቶ ሳይቋረጥ ሌላው ጎማ ድረስ የሚሻገር ወፍራም ብረት ካለ፣ መሃሉ ላይም ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው አካል) ከሌለ፣ ቶርሽን ቢም ነው። እንዲህ ያለ ብረት ሳይኖር በየጎማው በኩል ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ክንዶች ከመሃል ወደ ጎማው የሚዘረጉ ከሆነ መልቲሊንክ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። መልቲሊንክ ባለው መኪና ሥርም ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ብረት ይታያል፤ ይህ ክንዶቹ የሚታሰሩበት ንዑስ ፍሬም ነው። ብረት መሻገሩን ብቻ አይቶ «ቶርሽን ቢም ነው» ብሎ ያዘዘ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይደርሰዋል። ስለዚህ ብረቱን በዓይንዎ እስከ ጫፉ ይከተሉት። ንዑስ ፍሬሙ በትልልቅ ብሎኖች ከመኪናው አካል ጋር ይታሰርና ጎማው ጋ ሳይደርስ ያበቃል። ከዚያ እስከ ጎማው ያለውን ርቀት የሚሸፍኑት ክንዶቹ ናቸው፤ በየክንዱ ጫፍም ቦኮላ (ንዝረት የሚይዝ የላስቲክ ማያያዣ) ወይም ቦል ጆይንት (በኳስ የሚዞር መገጣጠሚያ) ይኖራል። አንዳንዶቹ ክንዶች ከውስጥ በኩል የታሰሩበት ብሎን ራስ ሥር ክብ ሳህን ያያሉ፤ ቀዳዳው ከመሃሉ ወጣ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጭረቶች ያሉበት ነው። ይህ የጎማውን አቅጣጫ ማስተካከያ ሲሆን፣ የኋላ ጎማዎቹ ራሳቸውን ችለው መታሰራቸውን ያመለክታል።

ቶርሽን ቢም ላይ ተሻጋሪው ብረት ከሁለት ረጃጅም ክንዶች ጋር በብየዳ አንድ አካል ሆኗል። ክንዶቹ ከጎማው ወደ መኪናው ፊት አቅጣጫ ሄደው እያንዳንዳቸው በአንድ ትልቅ ቦኮላ ከአካሉ ጋር ይያያዛሉ። ከእነዚህ ሁለት ቦኮላዎች በቀር ሌላ የሚጠቀስ ማሰሪያ የለም። ተሻጋሪው ብረትም ብዙውን ጊዜ በቪ ወይም በዩ ቅርጽ የታጠፈ፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ወፍራም ላሜራ ነው። እጅዎን ቢሰዱ ጣትዎ ክፍት ጎኑ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ የተጋገረ ጭቃ ማግኘትም የተለመደ ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲመታ ብረቱ እንዲጠመዘዝና ሌላኛው ጎማ በከፊል ብቻ እንዲነካ የሚያደርገው ይህ ክፍት ቅርጽ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ጎንበስ ብሎ በባትሪ ማየት ምንም አደጋ የለውም፤ መኪናው ሥር መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ራስዎንም ሆነ ክንድዎን አያስገቡ። ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት፣ ጎማዎቹን በጉማጅ ይደግፉ፣ አካሉንም በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉት። የአየር ሰስፔንሽን ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክለውን ሥርዓት ሳያጠፉ አያንሡት፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ራሱን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

የሞዴል ስምና ዓመተ ምርት ለምን እንደማይበቁ ላስረዳ፤ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ በ2012 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ አነስተኛ ኃይል ያላቸው ሞተሮች ከኋላ ቶርሽን ቢም፣ ጠንከር ያሉት ደግሞ መልቲሊንክ ይዘው ነበር። ስሙም፣ አካሉም፣ ዓመቱም አንድ ነው። በ1990ዎቹ የተሠሩት የቶዮታ ኮሮላ ሴዳኖች ከኋላ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ስትራት (ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝበት አሠራር) ይያዝ ነበር፤ በ2000 የወጣው ትውልድ ወደ ቶርሽን ቢም ዞረ፤ በ2018 የመጣው ደግሞ በብዙ ገበያዎች መልቲሊንክ ሲሆን በአንዳንዶቹ ቶርሽን ቢሙን ይዞ ቀጠለ። ሆንዳ ሲቪክ ለዓመታት ከፊት ደብል ዊሽቦን (ጎማውን ከላይና ከታች በክንድ የሚይዝ አሠራር) ይዞ ቆይቶ በ2000 ከወጣው ሰባተኛ ትውልዱ ጀምሮ ማክፈርሰን ስትራት ሆነ። የላንድክሩዘር 100 እና 105ን ነገር የሚያውቅ ሰው ደግሞ በአካል ቅርጽ ብቻ አይፈርድም። ከውጭ በጣም ይመሳሰላሉ፤ 100 ግን ከፊት ጎማዎቹ ራሳቸውን የቻሉና በቶርሽን ባር (በመጠምዘዝ እንደ ሞላ በሚያገለግል የብረት ዘንግ) የሚሠሩ ናቸው፤ 105 ድፍን አክስል ከጥቅል ሞላ ጋር ነው የያዘው።

ስለዚህ በማንኛውም መኪና ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ግራና ቀኝ ጎማዎች ተያይዘዋል ወይስ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ናቸው የሚለው ነው። ድፍን አክስል በቀላሉ ይታወቃል። ከጎማ እስከ ጎማ የሚሄድ አንድ ጠንካራ ቱቦ አለ፤ ጎማዎቹን የሚነዳ ከሆነ መሃሉ ወይም ወደ ጎን ሸሸት ብሎ እንደ ድቡልቡል ቋጥኝ ያበጠ ዲፈረንሻል ይኖረዋል። አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ ሲያነሡ ሌላኛው ጎማ በትንሹ ዘመም ይላል፤ ዲፈረንሻሉም አብሮ ይነሣል። ራሳቸውን በቻሉ ጎማዎች ላይ ግን ዲፈረንሻሉ ከአካሉ ጋር ታስሮ ባለበት ይቆያል፤ ከእሱ ወደ ጎማዎቹ የሚወጡት ዘንጎችም በሁለቱም ጫፍ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የላስቲክ ሽፋን ያጠለቁ ናቸው። ከኋላ ይህን የላስቲክ ሽፋን ካዩ ድፍን አክስልን ከዝርዝርዎ ይሰርዙ።

ከፊት በኩል የሚያስቸግረው ማክፈርሰን ስትራትን ከደብል ዊሽቦን መለየት ነው። ሁለቱም ላይ ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከቦ ሊታይ ስለሚችል በመካኒኮች መካከልም ክርክር ያስነሣል። ማክፈርሰን በአብዛኞቹ የፊት ጎማ ነጂ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ነው፤ በኢንጂነር ኧርል ማክፈርሰን ስም የሚጠራ ሲሆን ከ1950 ገደማ ጀምሮ በፎርድ መኪናዎች ላይ ተስፋፋ። ዋናው ነገር የላይኛው ክንድ አለመኖሩ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ከታች በሁለት ብሎን ወይም በማቀፊያ ከጎማው ተሸካሚ (ጎማው ከሚታሰርበት አካል) ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፤ ከላይ ደግሞ በኩሽኔታ በኩል አካሉ ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት መሪው ሲዞር ስትራቱ በሙሉ ከጎማው ጋር ይዞራል።

እኔ ከሁሉ የምወደው መለያም ከዚህ የሚነሣ ነው፤ መኪናውን ማንሣት እንኳ አይጠይቅም። አንድ ሰው መሪ ይያዝልዎት። እርስዎ ከጎማው ጀርባ በፓራፋንጎው ውስጥ ሾክ አብዞርበሩን እያዩ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስዙሩት፤ እጅዎን ግን ውስጥ አያስገቡ። ሾክ አብዞርበሩና ሞላው ከጎማው ጋር አብረው ከዞሩ ማክፈርሰን ነው። ጎማው ዞሮ ሾክ አብዞርበሩ ባለበት ከቀረ ደብል ዊሽቦን ወይም የእሱ ዘመድ ነው፤ እዚያ ላይ ሾክ አብዞርበሩ የታሰረው ከሚዞረው ጎማ ተሸካሚ ጋር ሳይሆን ከማይዞረው የታችኛው ክንድ ጋር ነውና።

ይህ ሙከራ የሚያሳስትባቸው ጥቂት መኪናዎች አሉ። የ2009 ፎርድ ፎከስ አርኤስ፣ የ2017 ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ እንዲሁም ጄነራል ሞተርስ ሃይፐር ስትራት ብሎ የገጠመላቸው መኪናዎች ስትራት ሆነው ሳለ ስትራቱ አይዞርም፤ የሚዞረው ከእሱ ሥር ለብቻው የተሠራ አካል ነው። ከፍተኛ ኃይል ከፊት ጎማ በሚነዳበት ጊዜ መሪው እንዳይጎተት ታስቦ የተደረገ ነው። እነዚህ ላይ የላይኛው ክንድ አለመኖሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የላይኛውን ክንድ ሲፈልጉ ደግሞ ቀና ብለው ይፈልጉት። በብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ላይ ጎማ ተሸካሚው ረጅም አንገት አውጥቶ ክንዱ ከጎማው በላይ፣ ፓራፋንጎው ጣሪያ አጠገብ ተሸሽጓል። ታች ያለውን ክንድ ብቻ አይቶ «አንድ ክንድ ነው ያለው፣ ማክፈርሰን ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በአንዳንዶቹም ላይ የላይኛው ክንድ አንድ ሰፊ ክንድ ሳይሆን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በ1994 የወጣው አውዲ ኤ4 ላይ ከላይ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ይታያሉ።

ኮፈኑን ከፍቶ ማየትም ይረዳል። በሞተሩ ክፍል ግራና ቀኝ ጥግ ሁለት ጉልላቶች ላይ፣ በክብ የተደረደሩ ሁለት ወይም ሦስት ዳዶዎችና መሃላቸው አንድ ትልቅ ዳዶ ካዩ ስትራት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሆኖም አንዳንድ ደብል ዊሽቦን መኪናዎችም ከላይ ይህንኑ ይመስላሉ፤ ብቻውን አይፍረዱበት። መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶ ደግሞ በምንም ምክንያት አይፍቱት። ታምቆ የተያዘውን ሞላ የያዘው እሱ ነው፤ በሞላ ማመቂያ ሳይያዝ ከተፈታ ሰው ይገድላል።

ከዚህ ቀጥሎ ሞላው ምን ዓይነት እንደሆነ ይመልከቱ። ጥቅል ሞላን ሁሉም ያውቀዋል። ባሌስትራም ቢሆን አያሳስትም፤ የተደራረቡት ቅጠሎች፣ አክስሉን ያቀፉት በዩ ቅርጽ የታጠፉ ብሎኖችና ከአንዱ ጫፍ የሚወዛወዘው ማያያዣ ወዲያው ይታያሉ። የሚያሳስተው ቶርሽን ባር ነው። ጥቅልም ቅጠልም ካላዩ ከፊት ጎማው ክንድ ተነሥቶ በሻንሲው ርዝመት ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይፈልጉ፤ ጫፉ ላይ ከፍታ ማስተካከያ ብሎን ይኖረዋል። በቆዩ ባለ አራት ጎማ ነጂ ፒካፖች ላይ የተለመደ ነው። ሰዎች ከስታቢላይዘር ባር (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል ከሚያደርገው ዘንግ) ጋር ያምታቱታል። ስታቢላይዘሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ ጫፎቹ ይታጠፋሉ፣ ከክንዱ ወይም ከስትራቱም ጋር በቀጭን ማያያዣ ይገናኛል። የስታቢላይዘሩን ማያያዣ እንደ አንድ ክንድ ቆጥሮ «መልቲሊንክ ነው» ያለ ሰው ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ክንድ ሲቆጥሩ እሱን አይቁጠሩት።

በሞላው ቦታ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ካለ የአየር ሰስፔንሽን ነው፤ በዳሽቦርዱ ላይ የከፍታ መቆጣጠሪያ ቁልፍ መኖሩና ሞተሩ ሲነሣ የኮምፕረሰር ድምፅ መሰማቱም ያረጋግጡታል። ከኋላ ብቻ አየር ያላቸው መኪናዎች ስላሉ ፊትና ኋላን ለየብቻ ይመልከቱ። ከረጢቱ ሲያረጅ በጥቅል ሞላ የቀየሩ ባለቤቶችም ብዙ ናቸው፤ ኮምፕረሰሩና ቁልፉ በቦታቸው እያሉ ከሥር ጥቅል ሞላ ካገኙ የሆነው ይኸው ነው። በ1955 በሲትሮየን ዲኤስ ሙሉ በሙሉ የተጀመረው ዘይትና ጋዝ አጣምሮ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ በየጎማው አጠገብ ባለ ክብ የብረት ኳስ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ፤ «መደበኛ» ወይስ «ስፖርት»? ይህ በቅርጽ አይለይም፤ የሚለየው በቁጥር ነው። ከሁሉ የሚታመነው ሾክ አብዞርበሩ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ነው። ከሲሊንደሩ የታችኛው ክፍል ዙሪያ በብረቱ ላይ ተመቶ ወይም በወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት፤ ወረቀቱም ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። በእርጥብ ጨርቅ አለስልሰው ይጥረጉት፣ ከዚያ ባትሪውን ከጎን አስተኝተው ያብሩበት፤ የተመታው ቁጥር በጥላው ይነበባል።

ቁጥሩ ከጠፋ ወደ ፋብሪካው ኮድ ይሂዱ። በቮልስዋገን ቡድን መኪናዎች የተገጠሙ አማራጮችን የሚዘረዝር ወረቀት በትርፍ ጎማው ማስቀመጫ ወይም በአገልግሎት ደብተሩ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በቢኤምደብሊው የአማራጭ ዝርዝር ውስጥ 704 የኤም ስፖርት ሰስፔንሽን ነው፤ በመርሰዲስ 489 ኤርማቲክ የተባለውን የአየር ሰስፔንሽን ያመለክታል። በሌሎቹም ላይ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ለአምራቹ ወኪል ሰጥተው ዝርዝሩን ማግኘት ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚነግርዎት ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው፤ ያገለገለ መኪና ሲሆን ዛሬ የተገጠመው ሌላ ሊሆን ይችላል። ኮዱና ዓይንዎ ካልተስማሙ ዓይንዎን ይመኑ።

የሞላው ላይ የቀለም ምልክቶችም ጥንካሬውን የሚለዩ ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ያለዚያው አምራች ካታሎግ አይተረጉሟቸው። የሚጠቅሙት ግራና ቀኝን ለማነጻጸር ነው። ሁለቱ ጎኖች የተለያየ ቀለም ካላቸው፣ ወይም የሽቦው ውፍረት በካሊፐር ሲለካ ከተለያየ፣ ቀድሞ አንዱ ብቻ ተቀይሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል በካታሎግ ያጣሩ። ሞላው በሙሉ በደማቅ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ከሆነ፣ መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ የተገጠመ አጭር ሞላ መሆኑን ይጠርጥሩ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ይለኩና ከአምራቹ መለኪያ ጋር ያስተያዩት። ላጠረ ሞላ የተሠራ ሾክ አብዞርበር ዘንጉ አጭር ነውና በመደበኛ ሞላ ላይ ቢገጠም ጎማው ሲወርድ ዘንጉ ቀድሞ እስከ ጫፉ ይወጣል፤ ዕድሜውም አይረዝምም።

ሾክ አብዞርበሩ በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር መሆን አለመሆኑንም አይርሱ፤ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ዕቃው ከተገዛ በኋላ ነው። ከሾክ አብዞርበሩ ከራሱ፣ ማለትም ከዘንጉ ጫፍ ወይም ከሲሊንደሩ ጎን፣ በሶኬት የሚወጣ ሽቦ ካለ ኤሌክትሮኒክ ነው። ሽቦ ማየት ብቻ ግን አይበቃም። የኤቢኤስ (ሲፈሬኑ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦ ሾክ አብዞርበሩን ታኮ ያልፋል፣ በማቀፊያም ይያዝበታል፤ መድረሻው ግን ጎማው ነው። ከክንዱ ጋር በትንሽ ዘንግ የተያያዘ ባለ ሽቦ ሳጥንም አለ፤ እሱ ከፍታ ይለካል፣ ብዙውን ጊዜም የሚያገለግለው የፊት መብራቱን ዝቅ ከፍ ለማድረግ ነው።

አንድ ዓይነት ሰስፔንሽን ሆኖ ክንዱ የተሠራበት ብረት የሚለያይበትም ጊዜ አለ። ከ2014 እስከ 2018 በተሠሩት ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 ፒካፖች ላይ የፊት ክንዶች ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ብረት፣ አሉሚኒየም ወይም በማሽን ተጨምቆ የተቀረጸ ላሜራ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ለሚገጥም ሰው ልዩነቱ ወሳኝ ነው። ማግኔት ያስጠጉ፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ከያዘ ጠርዙን ይመልከቱ፤ የብየዳ ስፌት ያለበትና ውስጡ ባዶ የሆነው ላሜራው ነው። ለእርስዎ የኋላ ሾክ አብዞርበር ይህ አያስፈልግም፤ ክንድ ወይም ቦል ጆይንት የሚቀይሩ ቀን ግን ያስታውሱት።

ለሻጩ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ሾክ አብዞርበሩ ላይ ያነበቡትን ቁጥርና ሦስት ፎቶግራፎች ይላኩለት። አንደኛው ከመኪናው ኋላ ዝቅ ተብሎ ሁለቱን ጎማዎችና መካከላቸውን የሚያሳይ፣ ሁለተኛው የሾክ አብዞርበሩን የላይኛ ማሰሪያ፣ ሦስተኛው የታችኛውን። ማሰሪያው ብሎን የሚያልፍበት ቀለበት ነው ወይስ ራሱ ዳዶ የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ይህንንም ይጻፉለት። ቀለበት ከሆነ የቀለበቱን ስፋትና የብሎኑን ውፍረት በሚሊሜትር ይለኩ፤ ሲያዙም ግራና ቀኙን አንድ ላይ ይዘዙ።